ካርቱን ለማስታረቅ የተላኩት ሽማግሌዎች

ሰው ብዙ ሆኖ የተነሳውን ፎቶ ስታሳዩት መጀመሪያ የሚፈልገው ማንን ነው? ሙሽራዋን? ሙሽራውን? ኧረ ወዲያ! ራሱን ነው። ራሱን አግኝቶ ዓይኑ ካልተጨፈነ «አቤት፣ ሲያምር!» ይላል። ዓይኑ ከተጨፈነ ግን ሙሽራዋ መልአክ ብትመስል እንኳ «ይሄ ፎቶ አንሺ ምንም አያውቅ» ብሎ ፎቶውን ይመልስላችኋል። በሰው አልፈርድም፣ እኔም ያው ነኝ። በገዛ ሠርጌ ፎቶ ላይ ባሌ መኖሩን ልብ ያልኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ፎቶስ እሺ፣ ቆመን የተነሳነው ስለሆነ ብንፈልግ አይፈረድብንም። አይቶን የማያውቅ ሰው፣ የት አገር እንደሚኖር እንኳ የማናውቀው ሰው፣ ከልቡ አውጥቶ በሣለው ሥዕል ውስጥ ራሳችንን ፈልገን አግኝተን፣ አግኝተንም ተቀይመን፣ ተቀይመንም በር ዘግተን መቀመጣችን ግን ምን ይባላል? የተማረ ሰው ስም ያወጣለት ይሆናል። እኔ የማውቀው በዚሁ ጦስ ልጄ ያለ ክርስትና እናት ልትቀር እንደነበር ነው።

«ድስትና ክዳኑ» የሚባል የካርቱን ቀልድ አለ። በስልክ የሚታይ ነው፤ እሁድ እሁድ አዲስ ክፍል ይወጣል። ሰዎቹ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ እግራቸው ቀጫጭን፣ በሁለት ስንጥር ላይ የቆመ ድንች ነው የሚመስሉት። ሥራቸው በሰው አመል መቀለድ ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ክፍል የወጣ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ከባጃጅ ሾፌሮች በቀር ያልሳቀ አልነበረም። በሳምንቱ ስለ እድር ሰብሳቢዎች ወጣ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባጃጆቹ ሳቁ፣ እድርተኛው አኮረፈ። ቀልድ እንደ ዝናብ ነው። ከሩቅ ሲወርድ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ጣጣው የራስን ጣራ ያፈሰሰ ለት ነው።

ስልኩ የኔ አይደለም፣ የባሌ የጌታሁን ነው። ጌታሁን ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ስልክ ይዞ ታንኳ ላይ እንዳይወጣ የተስማማነው የፊተኛው ስልካችን ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እስካሁን እዚያው ነው፤ እንግዲህ ዓሣዎቹ ይደዋወሉበት ይሆናል። ስለዚህ እሱ መረቡን ይዞ ሲወጣ እኔ ስልኩን ይዤ እቀራለሁ።

ልጄ ማኅሌት የመጀመሪያዬ ናት። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ዘይነብ «ጭንቀታም» ትለኛለች፤ ጥንቃቄና ጭንቀት የሚለዩበትን ስለማታውቅ ነው። ልጄ ስትተኛ ትተነፍስ እንደሆነ ብዬ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋለሁ። የማትተነፍስ ሲመስለኝ እነቀንቃታለሁ፣ ትነቃና ታለቅሳለች። ካለቀሰች ትተነፍሳለች ማለት ነውና ደስ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ምነው እንዲህ አለቀሰች ብዬ ዘይነብን እጠራለሁ። ዘይነብ ሊጥ በእጇ እንደያዘች መጥታ «አብሽሪ፣ የኔ እናት፣ አብሽሪ!» ትለኛለች። አይዞሽ ማለቷ ነው። እጇ ላይ ያለው ሊጥ እስኪደርቅ ድረስ አብሽሪ ስትለኝ የምትውልበት ቀን አለ።

በኛ በክርስቲያኖቹ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቀኑ ወዲህ አይሳብም፣ ወዲያ አይገፋም። እኔም ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫርኩ ነበር የምቆጥረው። ክርስትና ደግሞ ያለ ክርስትና እናት አይሆንም፤ ልጅቱን ከውሃው ተቀብላ የምታቅፍ እሷ ናት። ለኔማ ነገሩ ከዚህም ይበልጥብኛል። እናቴ የሞተችው ገና የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ነው። አብልታ፣ ጠጉሬን ሠርታ፣ ደብተር ገዝታ፣ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማረችኝ የክርስትና እናቴ ናት። ሌላዋ እናት ለልጇ ልብስ ስታስብ እኔ በጠራራ ፀሐይ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ነገ አንድ ነገር ብሆንስ? ጌታሁን ጎበዝ ነው፣ አላማውም። ግን ሹሩባ ሥራ ቢባል መረብ ነው የሚሠራላት።

ለማኅሌት ክርስትና እናት እንዲሆኑ የተመረጡት እትየ አስካለ ነበሩ። ከኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አሥራ አንድ ልጅ ክርስትና ያነሱ ሴት ናቸው። እርጉዝ ሳለሁ ግሸን ወጥተው «ይቺን ልጅ በሰላም ከገላገልሽልኝ ልጇን ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ» ብለው ለእመቤታችን የተሳሉት እሳቸው ናቸው። ስለት ደግሞ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። እትየ አስካለ ለክርስትና ልጆቻቸው ሁሉ የሚሰጡት ስጦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ነብር የተሣለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። በኛ ሰፈር አጥር ላይ ነብር ተሰጥቶ ካያችሁ «የእትየ አስካለ ልጅ አለ» ትላላችሁ እንጂ ሌላ ማስረጃ አትጠይቁም።

በሰባ ሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እትየ አስካለ በፌስታል የማኅሌትን ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። «በሰማንያዋ ለት ግርግር ነው፣ ከወዲሁ ይኑርልሽ» አሉና ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ልጅቱን ታቀፉ። ዘይነብም ነበረች። ስልኩን አንስታ «አዲሱ ክፍል ወጥቷል፣ እንየው» አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ዝም ብለን ብንጫወት ምን ነበረበት?

ተከፈተ። ያ ሳምንት የወጣው ስለ ክርስትና እናት ነበር። በካርቱኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ክርስትና ታነሳለች። ስጦታዋ ነብር ያለበት ብርድ ልብስ ነው። በእልልታ ትሰጥና በሳምንቱ ትመጣለች፤ «አምጭው፣ ላጥብልሽ» ትላለች፤ ትወስደዋለች፤ አጥባ፣ አጣጥፋ ለሚቀጥለው ልጅ በእልልታ ትሰጠዋለች። ብርድ ልብሱ በታጠበ ቁጥር ነብሩ ይጠባል። መጀመሪያ ጥርሱ ያገጠጠ ነብር ነበር፣ አራተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ ድመት አከለ፣ መጨረሻ ላይ አይጥ ሆኖ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል።

እውነቱን ልናገር። እትየ አስካለ የሰጡትን ብርድ ልብስ አንድ ቀን መልሰው ወስደው አያውቁም። ይሄ በደል ነው፣ ሐሰት ነው። ግን ሳቅ ሐሰትና እውነት አይለይም። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። የልጄን ካልሲ አስተካከልኩ። ጣራ ጣራ አየሁ። ኋላ ዓይኔን ወደ መሬት ብመልስ እዚያ የተቀመጠው ፌስታል አፉን ከፈት አድርጎ፣ የነብሩ አንድ ዓይን በቀዳዳው ወደኔ ያያል። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ፈነዳሁ። ሳቅ ደግሞ ብቻውን አይወጣም፣ ዘይነብም ተከተለችኝ።

እትየ አስካለ ስልኩን አዩ፣ ፌስታሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ልጅቱን ቀስ አድርገው ክንዴ ላይ አስቀመጡና ተነሱ። «ለካ ስስቅ የኖርኩት ከሚስቁብኝ ጋር ነው» አሉ። ፌስታሉን አነሱ። ይሄኔ ዘይነብ፣ አላህ ይቅር ይበላትና፣ ሌላ የሚባል ነገር የጠፋ ይመስል «እትየ፣ ሊያጥቡት ነው?» አለቻቸው።

በሩ ላይ ዞር አሉ። «ትርንጎ፣ ለልጅሽ ሌላ ክርስትና እናት ፈልጊ። አይጥ የምትሰጥ» ብለውኝ ሄዱ።

ማግስቱን ጌታሁን ከያዘው ሁሉ ወፍራም ወፍራሙን ዓሣ መርጦ ወሰደላቸው። ዓሣው ከሱ በፊት ቤት ደረሰ፤ ማለቴ፣ በጎረቤት ልጅ አስይዘው በአቋራጭ መለሱት። ተመላሽ ዓሣ ሸትቷችሁ ያውቃል? ሽታው ከሌላው ዓሣ አይለይም፣ የሚከረፋው ነገሩ ነው። ዘይነብ በተራዋ ሄዳ ከበሩ ውጭ ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። በሩ ዝም አላት። እኔ ከሰሉን አንስቼ ሰባ አምስተኛውን ጫርኩ። ልጄን አያታለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ። ሌላ ሴት እንድለምን ጌታሁን ሐሳብ አቀረበ። የቱን ዓይነት ሴት? ለልጄ ሁለተኛ እናት እኮ ነው የምፈልገው! ለኔ ብለው በእግራቸው ግሸንን የወጡ ስንት ሰዎች አሉ?

የቀረን ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። በኛ ሰፈር የሚያስታርቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አባባ ሰይድና መሪጌታ ጥበቡ። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ድንበር ቢገፋ፣ በሬ እህል ቢገባ ሁለቱ በትራቸውን ይዘው ጎን ለጎን ይመጣሉ። አባባ ሰይድ በዱዓ ይከፍታሉ፣ መሪጌታ በአባታችን ሆይ ይዘጋሉ፤ በመሐል ያለውን ጭቅጭቅ ሁለቱም እኩል ይካፈሉታል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን ተለያይተው አያውቁም። እስከዚያ ረቡዕ ድረስ።

ረቡዕ ጠዋት ቤቴ መጥተው ተቀመጡ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ አስረዳኋቸው። አባባ ሰይድ በጥሞና ሰምተው «ተበዳይዋ አስካለ ናት፣ ገባን። በዳዩስ ማን ነው?» አሉ። እኔ ነኝ፣ ሳቅኩ አልኳቸው። «ሳቅ በደል አይደለም፣ የበደለ ያሳቀሽ ነው። እሱን አቅርቢልን» አሉ። ስልክ ውስጥ ነው አልኳቸው። መሪጌታ ጢማቸውን እየዳሰሱ «በአንድ ወገን ቃል የሚፈረድ ፍርድ የለም፤ የትም ይሁን የት ይቅረብ» አሉ። አባባ ሰይድም «ሳንሰማው ብንፈርድበት ነገ አላህ ይጠይቀናል» ብለው አጸኑት።

በዳዩን አቀረብኩ። አባባ ሰይድ ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው ያዙ፣ መሪጌታ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ላይ እንደ ችሎት ነው የሰሙት። ሴትዮዋ ስትናገር አባባ ሰይድ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ፈጥና ስትናገርባቸው ለስልኩ «ረጋ ብለሽ፣ የኔ ልጅ፣ ረጋ ብለሽ» አሉት። ነብሩ ድመት ሲሆን ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አይጥ ሲሆን ሁለቱም ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። እኔም ደስ አለኝ። ሽማግሌ ከሳቀ ነገር ቀለለ ማለት ነው ብዬ።

ምን ያደርጋል። ካርቱኑ አላለቀም ነበር። ሴትዮዋ በብርድ ልብሱ ነገር ስትጣላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንደኛው ሽማግሌ አገጩን በበትሩ ላይ አድርጎ ያንኮራፋል፤ ምሳ ቀረበ ሲባል ነቅቶ «ታርቃችኋል፣ እጅ አስታጥቡን» ይላል። መሪጌታ ከወንበራቸው እየተነሱ «ሰይድ! ይሄማ አንተ ነህ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ሳቁ፣ ትን አላቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። አባባ ሰይድ አልሳቁም። ስልኩንም አላወረዱም። ወዲያው ካርቱኑ ላይ ዜማ የሚያዜም አንድ መሪጌታ መጣ። ያዜማል፤ እያዜመ አንገቱን በመስኮት ወደ ድስቱ ያሰግጋል፤ ክዳኑ ሲነሳ ዜማውን ያሳጥረዋል። አባባ ሰይድ ቀስ ብለው «ወላሂ፣ ይሄ ደግሞ ጥበቡ ነው። አንገቱ ሳይቀር» አሉ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለቱም ተነሱ። ቤታችን በሩ አንድ ነው፤ ተኮራርፎ ለመውጣት አይመችም። በሩ ላይ ሲደርሱ አባባ ሰይድ «እለፍ» አሉ፣ መሪጌታ «የለም፣ አንተ እለፍ» አሉ። እየተቀያየሙ እንኳ ወግ አልቀረም። በመጨረሻ ወጥተው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዱ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። በአንድ ኩርፊያ ሸክሜ ከብዶኝ ሳለ ሦስት ሆኑልኝ።

ከዚያ በኋላማ ሰፈሩ ሁሉ ራሱን ፍለጋ ወጣ። ዘይነብ ካርቱኑ ውስጥ ወሬ ከቤት ቤት የምታመላልሰውን ጎረቤት አይታ «ይሄ እኔን ለመንካት ነው» አለች፤ ይህንኑ ለመናገር ሦስት ቤት ዞረች። ጌታሁንም አየው። እዚያ ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ ዶማውን አንስቶ ከቤት የሚወጣ አባት አለ። «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት ስል ማኅሌት አለቀሰች። ቀና ስል መረቡን ይዞ በር ላይ ደርሷል።

ሐሙስ ለት ልጄን አስተኝቼ ስልኩን ያዝኩ። ከቪዲዮው ሥር ያዩት ሰዎች የሚጽፉት አለ፣ ኮመንት የሚሉት። እኔ ፈጥኜ አላነብም፤ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ነው። ስለዚህ ሌላው በችኮላ የሚያልፈውን እኔ አላልፍም። አንዷ ከአርሲ «የኛን ሰፈር ሴትዮ ማን ነገራችሁ? የኛዋ ግን ነብር ሳይሆን አንበሳ ነው የምትሰጠው» ብላለች። አንዱ ከጎጃም «ይቺ አክስቴ ናት፣ እናቴ አይታ ታማለች» ይላል። አንዱ በንዴት «ይሄ ሽማግሌን ማዋረድ ነው፣ ታፍሩ!» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ሌላው «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ይነሱ» ብሎ መልሶለታል። አንዷ ደግሞ «የክርስትና እናቴን መሰለችኝ። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ስስቅ ጀምሬ ሳለቅስ ጨረስኩ» ትላለች። እሷ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቆየሁ።

ከዚያ ብርሃን ሆነልኝ። አገሩ በሙሉ ተቀይሟል! አገሩ በሙሉ ከተቀየመ ደግሞ ማንም አልተነካም ማለት አይደለም?

ዓርብ፣ በሰባ ስምንተኛው ቀን፣ ልጄን አዝዬ፣ ስልኩን በጉያዬ ይዤ እትየ አስካለ በር ላይ ቆምኩ። ለኔ አልተከፈተም። ማኅሌት ስታለቅስ ግን ተከፈተ። ልጅ ውጭ እያለቀሰ በር የሚዘጋ አንጀት የላቸውም። ከጀርባዬ አውርደው ታቀፏት። እኔም እድሌን ሳላባክን ስልኩን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከየትም፤ ሁሉንም በጣቴ እየለቀምኩ አነበብኩላቸው። ያቺን የክርስትና እናቷ የሞተችባትን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ልጅቱ አዞሩ።

ቀና ብለው «የአርሲዋ ምንድን ነው የምትሰጠው አልሽ?» አሉ። አንበሳ አልኳቸው። «አንበሳ!» አሉ፣ አንበሳ ሲናቅ ሰምቼ የማውቀው ያን ጊዜ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ «አዩ እትየ፣ እርስዎን አይደለም። እርስዎን አያውቁዎትም፣ አስበዎትም አያውቁ!» አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። «አያውቁኝም?»

«በጭራሽ!»

«እና የአርሲዋ ናት? ወይስ የጎጃሙ ልጅ አክስት?» አሉ። «አሥራ አንድ ልጅ ክርስትና ያነሳሁ እኔ፣ ነብር የሚባል ነገር በዚህ አገር ሳይታወቅ ከደሴ ገበያ ተሸክሜ ያመጣሁ እኔ፣ አሁን ስሙን የአንበሳዋ ሴትዮ ትውሰደው?»

ወገኖቼ፣ ሰው በመነካቱ ሲቀየም አይተናል። አለመነካቱን ሲሰማ የባሰ ሲቀየም ያየሁት ግን ያን ለት ነው። ማኅሌት ክንዳቸው ላይ አለች፣ ግድግዳዬ ላይ ሁለት ቀን ቀርቷል፣ እኔ ደግሞ በገዛ ምላሴ ሁለተኛ በደል ጨመርኩ። እንባዬ መጣ። «እትየ፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ፣ አደርገዋለሁ» አልኳቸው።

«እዚያው ላይ ጻፊ» አሉ።

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፦ «ይቺ ሴትዮ የሐይቋ አስካለ ናት። ነብር የጀመርኩት እኔ ነኝ። የሰጠሁትን መልሼ ወስጄ አላውቅም። የሚጠራጠር መጥቶ ይጠይቅ።» በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። ስልኩ ላይ ፊደል የሚቀመጥበት እንደ ሐይቅ ዓሣ ነው፤ እዚህ አለ ስትሉት እዚያ ነው። «ብርድ ልብስ» የሚለውን ጨምሪ ብለውኝ ነበር፣ «ድ» ስለጠፋችብኝ ተውነው። በመሐል ማኅሌት ዝም ስትል ጣቴን ከስልኩ አንስቼ ወደ አፍንጫዋ ስዘረጋ «ትተነፍሳለች! ጻፊ!» ብለው ጮኹብኝ።

ላክነው። ተቀመጥን። ሁለታችንም ስልኩን እንደ ድስት ከበን አፈጠጥንበት። ብዙም ሳይቆይ ጢን አለ። አንዱ «እማማ ነብር፣ ዕድሜ ይስጥልን!» ብሏል። ሌላዋ «እኔንም ክርስትና ባነሱኝ» ብላለች። ቀይ ቀይ ልብ መጣ፣ ተከታትሎ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ልብ ነው አልኳቸው። «የማን?» አሉ። የሰዎቹ፣ የወደዱዎት ሰዎች አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ልብ የላኩት ሰዎች በስልኩ የሚያይዋቸው ይመስል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳ?» አሉኝ።

ቤት እስክደርስ በመንገድ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ልስመው ቃጣኝ።

በሰማንያኛው ቀን ማኅሌት ክርስትና ተነሳች። እትየ አስካለ ተቀብለው አቀፏት። ድግሳችን ትልቅ አልነበረም፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብርዝ፣ ለሁሉም ደግሞ የጌታሁን ዓሣ። የዓሣ ጥሩው ነገር ይሄ ነው፤ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ሳይባል ከአንድ ሳህን ያስበላል።

አባባ ሰይድና መሪጌታ መጥተው በቤቱ ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። የእትየ አስካለን ወሬ ሰምተዋል። ሐይቅ እኮ ነው፣ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ዳቦ ስቆርስ አባባ ሰይድ ጠጋ በይ አሉኝና በጆሮዬ «ያ በበትሩ ላይ ያለው ሽማግሌ የሐይቁ ሰይድ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። ግን ተኝቶ አይደለም። እያሰበ ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ጠላ ይዤ ወደ ሌላው ጫፍ ስሄድ መሪጌታም ጎተቱኝ። «ያ መሪጌታ በመስኮት የሚያየው ድስት አይደለም፣ ሰዓቱን ለማወቅ ፀሐይ ነው። እንዲያው ይታወቅ ብዬ ነው።» እኔ ምን ቸገረኝ፣ በሕዝብ መሐል ስልኩን አውጥቼ፣ ፊደል ስፈልግ ድምፄ እየወጣ፣ የሁለቱንም ጻፍኩት። «እያሰበ» ስል መሪጌታ ፕፍ አሉ። «ፀሐይ» ስል አባባ ሰይድ በትራቸውን ጣሉ። ከዚያ አንዱ ወደ አንዱ ተሻግሮ፣ አውፍ በለኝ፣ አንተ አውፍ በለኝ፣ ተሳሳሙ። በኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቅበት ቃል ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል።

ቤቱ ሞቀ። ሁሉም የራሱን ድርሻ ከካርቱኑ ወስዶ በኩራት ያወራ ጀመር። ዘይነብ ወሬኛዋ እኔ ነኝ ትላለች፣ ጌታሁን ዶማ ያነሳው እኔ ነኝ ይላል። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ፣ የሰፈሩ ጸሐፊ ሆኜ፣ ደስታው ቢያሰክረኝ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተመስገን፣ መቼም እኔን አልነኩኝም!» አልኩ።

ጌታሁን የዓሣ አጥንት ፍለጋ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ዘይነብ ጣራውን አየች። መሪጌታ አሳላቸው። እትየ አስካለ ብቻ ልጄን እያወዛወዙ «አንቺማ እናትየዋ ነሽ እንጂ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባባ ሰይድ ሳይቀሩ።

የቷ እናት? ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እዚያ ውስጥ አንድ የልጅ እናት ነበረች። ከዚያ ሁሉ ጉድ መሐል እሷ አንዷ ደህና ሰው ስለሆነች ልብ ብዬ አላየኋትም። ስልኩን እዚያው አስቀምጬ፣ ልጄን ተቀብዬ ጓዳ ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩት። ተቀይሜ አይደለም። ልጅ መተኛት አለባት።

ወዲያው ከመጋረጃው ወዲያ የበትር ድምፅ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት። አባባ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትርንጎ፣ የተበዳይን ቃል ልንሰማ መጥተናል» አሉ። መሪጌታም «በዳዩም ቀርቧል» አሉና አንድ እጅ፣ የዘይነብ እጅ፣ ስልኩን በመጋረጃው ሥር አሾልኮ ሰጠኝ።

ከፍቼ አየሁት። ቄሱ ልጁን ወደ ውሃው ሊያስገቡ ሲሉ እናትየዋ እጃቸውን ትይዝና «አባ፣ ልጅ አምልጦዎት ያውቃል?» ትላቸዋለች። ካርቱኖቹ ይስቃሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትም ድምፁን ሰምተው ይስቃሉ። አራት ጊዜ እየመለስኩ አየሁት፣ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። እኔም የዚያኑ ለት ጠዋት ቄሱን ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። ቅር ሳይላቸው፣ በትሕትና፣ «እስካሁን የለም» ብለው መልሰውልኛል።